ሳይጋገር የሚሠራ የቸኮሌት፣ የካራሜልና የኮኮናት ትረፍል፦ ከአምስቱ አሠራሮች የትኛው ለማን ይሆናል?

ትረፍል፣ ማለትም በእጅ የሚድቦለቦል ትንሽ የቸኮሌት ጣፋጭ፣ ለመሥራት የተነሳን ሰው መጀመሪያ የሚያስቸግረው የእጅ ሙያ ማጣት ሳይሆን የአሠራር መብዛት ነው። አንዱ መመሪያ ክሬም አሙቁ ይላል፤ ሌላው የክሬምን ስም ሳያነሳ ኮንደንስድ ሚልክ፣ በቆርቆሮ ታሽጎ የሚሸጠውን ወፍራም ጣፋጭ ወተት፣ ያዛል፤ ሦስተኛው ቴምር ያስፈጫል፤ አራተኛው ብስኩት ያስደቅቃል። መጨረሻ ላይ የሚታየው ፎቶግራፍ ግን አንድ ዓይነት ነው፦ ነጭ ኮኮናት የለበሰች፣ ስትቆረስ ጥቁር ሆዷን የምታሳይ ድቡልቡል። ልዩነቱ የሚወጣው ከሰዓታት በኋላ ነው። አንዷ ሳህኑ ላይ ቅርጿን አጥታ ትዘረጋለች፣ አንዷ በማግስቱ ትደርቃለች፣ አንዷ ደግሞ ከጣፋጭነቷ የተነሳ ሁለተኛ አታስነሳም።

ምርጫው ሦስት ቦታ ላይ ነው፦ ሊጡን ምን ያያይዘዋል፣ ካራሜሉ (ቀለም እስኪይዝ የበሰለው ስኳር) ከየት ይመጣል፣ ኮኮናቱ በምን መልክ ይገባል። ከሦስቱ ወሳኙ ማያያዣው ነው። ብዙ ሰው ግን ሐሳቡንም ገንዘቡንም ውድ ቸኮሌት ፍለጋ ላይ ይጨርሳል። መካከለኛ ቸኮሌት ከተስማሚ ማያያዣ ጋር ሲገናኝ ጥሩ ትረፍል ይወጣዋል፤ ውድ ቸኮሌት ውሃ የበዛበት ሊጥ ውስጥ ሲገባ ግን ዋጋውን አይመልስም።

## መለኪያዎቹ

ትልቁ መለኪያ ውሃ ነው። ቸኮሌት ውሃ የለውም ማለት ይቻላል። ክሬም ግን ከግማሽ በላይ ውሃ ነው። ኮንደንስድ ሚልክ ሩብ ያህሉ ውሃ ሲሆን ከግማሽ በላዩ ስኳር ነው። ትኩስ ኮኮናት ግማሽ ገደማው ውሃ ነው፤ ደርቆ የተፈጨው ግን ከመቶ 3 እጅ ያህል ብቻ ይይዛል። በሊጡ ውስጥ ነጻ ውሃ በበዛ ቁጥር ትረፍሉ ይለሰልሳል፣ ቶሎም ይበላሻል። ስኳር ውሃውን ስለሚይዘው ሻጋታና ባክቴሪያ እንደ ልባቸው አያገኙትም። በኮንደንስድ ሚልክ የተሠራው ከክሬሙ የተሻለ የሚቆየው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ሙቀት ነው። የካካዎ ቅቤ 34 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ይቀልጣል። ይህ ከሰው ገላ ሙቀት ትንሽ ዝቅ ስለሚል ቸኮሌት በክፍል ውስጥ ጠንክሮ ቆይቶ አፍ ውስጥ ይሟሟል። የኮኮናት ዘይት ግን በ24 ወይም በ25 ዲግሪ ፈሳሽ ይሆናል። ሁለቱ ስቦች ሲቀላቀሉ ውህዱ ከካካዎ ቅቤ ቀድሞ ይለሰልሳል። ትረፍሉ ሞቃት ክፍል ውስጥ የሚቀርብ ከሆነ ይህን ሳያስቡ መጀመር አይበጅም።

ሦስተኛው ጣፋጭነት ነው፤ እዚህ ላይ ብዙዎቹ መመሪያዎች ልክ አያውቁም። ካራሜል ስኳር ነው። ኮንደንስድ ሚልክም እንዲሁ። የወተት ቸኮሌት ብዙውን ጊዜ ግማሽ ያህሉ ስኳር ነው። በዚህ ላይ ስኳር የተጨመረበት ኮኮናት ሲደረብ ምላስ የሚለየው ነገር አይኖርም። ስለዚህ በእነዚህ ሦስት ጣዕሞች ጥምረት ውስጥ ቸኮሌቱ መራራውን ወገን መያዝ አለበት፦ ካካዎው ከመቶ ከ60 እስከ 70 የሆነ ጥቁር ቸኮሌት፣ ከቁንጣሪ ጨው ጋር። የወተት ቸኮሌት የሚወድ ሰው እንኳ ካራሜል ከገባበት በኋላ ጥቁሩን ሳያስተውል ይበላዋል።

የቀሩት መለኪያዎች ብዙ ማብራሪያ አይሹም፦ ምን ዕቃ ያስፈልጋል፣ ምን ያህል ጊዜ ይወስዳል፣ ስንት ያስወጣል፣ ከሚበሉት ውስጥ ወተት ወይም ለውዝ የማይስማማው ሰው አለ ወይ።

## አምስቱ ማያያዣዎች

ክሬምና ቸኮሌት። ጋናሽ የሚባለው ይህ ነው፤ ትረፍል የሚለው ስም በትክክል የሚገባውም ለእርሱ ነው። መጠኑ በሚዛን ይለካል፦ ለ100 ግራም ክሬም 200 ግራም ጥቁር ቸኮሌት፤ የወተት ቸኮሌት ከሆነ 250 ግራም፤ ነጭ ከሆነ 300 ግራም። የወተቱና የነጩ መጠን ከፍ የሚለው ካካዎ ስለሚያንሳቸውና ለስላሳ ስለሆኑ ነው። ቸኮሌቱን በደቃቁ ከትፈው ሳህን ላይ ያድርጉ፤ ክሬሙን ጠርዙ ላይ አረፋ እስኪያወጣ ድረስ አሙቀው ያፍስሱበት፤ 2 ደቂቃ ሳይነኩ ይተዉት፤ ከዚያ ከመሃል ጀምረው ወደ ውጭ በቀስታ ያማስሉ። የክሬሙ ስብ ከመቶ ከ30 እስከ 35 ቢሆን ይመረጣል።

ካራሜል የሚገባበት ከሆነ ክሬሙን መቀነስ ግድ ነው። ካራሜልም የራሱን ውሃ ይዞ ይመጣልና፣ በሙሉ ክሬም ላይ ሲጨመር ሊጡ አይረጋም። ለ200 ግራም ጥቁር ቸኮሌት 60 ግራም ክሬምና 60 ግራም ለስላሳ ካራሜል ጥሩ መነሻ ነው። ከዚህ መጠን እያንዳንዳቸው 15 ግራም የሚመዝኑ 20 ያህል ትረፍሎች ይወጣሉ። ሊጡ ዘይት አውጥቶ ከተለያየ አይጣሉት፤ አንድ ማንኪያ ለብ ያለ ወተት ጨምረው ሲያማስሉት አብዛኛውን ጊዜ ተመልሶ ይዋሃዳል።

አፍ ውስጥ የሚሰጠው ልስላሴ ተወዳዳሪ የለውም። ጉድለቱ ደግሞ ግልጽ ነው፦ ለመርጋት ከ2 እስከ 4 ሰዓት ማቀዝቀዣ ይፈልጋል፣ ሞቃት እጅ ላይ ይቀልጣል፣ ከአብዛኞቹ ቀድሞም ይበላሻል።

ኮንደንስድ ሚልክና ካካዎ። ብራዚላውያን ብሪጋዴይሮ የሚሉት ጣፋጭ በዚህ መንገድ ይሠራል። አንድ ቆርቆሮ ወይም ወደ 400 ግራም ገደማ ኮንደንስድ ሚልክ፣ ከ30 እስከ 40 ግራም የካካዎ ዱቄትና 25 ግራም ቅቤ በዝቅተኛ እሳት ላይ ሳያቋርጡ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ያማስላሉ። ማንኪያው ሲያልፍ የድስቱ ወለል ለአፍታ ታይቶ ሊጡ ቀስ ብሎ ሲመለስ ደርሷል። ከዚያ ቀድሞ የወረደ ሊጥ ድቡልቡል ሆኖ አይቆምም፤ ዘግይቶ የወረደ ደግሞ ጥርስ ላይ ይለጠፋል።

እዚህ ቸኮሌት ስለማያስፈልግ ወጪው ቀላል ነው፤ ወተቱ ሲበስል በራሱ የካራሜል ቃና ስለሚያመጣም ሁለት ሥራ በአንድ ድስት ያልቃል። ጣፋጭነቱ ግን የበዛ ነው። ካካዎውን ሳይሳሱ መጨመር፣ የሚጠቀለልበትን ኮኮናት ስኳር ከሌለበት ዓይነት መምረጥ፣ ድቡልቡሉንም ከ12 ግራም አለማሳለፍ ይሻላል።

ብስኩትና ኮንደንስድ ሚልክ። 250 ግራም የደቀቀ ብስኩት፣ 200 ግራም ኮንደንስድ ሚልክ፣ 60 ግራም የቀለጠ ቅቤ፣ ሦስት ማንኪያ ካካዎ፣ 50 ግራም ደረቅ ኮኮናት። ሁሉም በአንድ ሳህን ተለውሶ ወዲያው ይድቦለቦላል። እሳት የሚያስፈልገው ቅቤውን ለማቅለጥ ብቻ ስለሆነ ከልጆች ጋር ለመሥራት ከዚህ የሚቀል የለም። ሙቀትንም ከሁሉም የበለጠ ይችላል፤ ቅርጹን የያዘው ስብ ሳይሆን ብስኩቱ ነውና። በጣዕም ግን ወደ ኬክ ያዘነብላል። የቸኮሌት ልስላሴ ለሚጠብቅ ሰው ትረፍል ብለው ቢያቀርቡለት ቅር ሊለው ይችላል።

ቴምርና ለውዝ። 200 ግራም ፍሬው የወጣለት ቴምር፣ 150 ግራም የተቆላ ለውዝ፣ 30 ግራም ካካዎ፣ 40 ግራም ኮኮናትና ቁንጣሪ ጨው በኃይለኛ መፍጫ ይፈጫሉ። ቴምሩ ከደረቀ 10 ደቂቃ ሙቅ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፎ በደንብ መጭመቅ ያስፈልጋል፤ ያልተጨመቀ ቴምር ሊጡን ጭቃ ያደርገዋል። ወተት የለበትም፣ የተጨመረ ስኳርም የለበትም። ስኳር የለበትም ማለት ግን አይደለም፤ ቴምር ራሱ በአብዛኛው ስኳር ነው፤ ስለዚህ የስኳር ሕመም ላለበት ሰው ያለ ሐሳብ የሚበላ አድርጎ ማቅረብ ስሕተት ነው። የቴምሩ የራሱ ጣዕም ካራሜልን ስለሚያስታውስ ሌላ ካራሜል አይሻም። ጠንካራ መፍጫ የሌለው ሰው ይህን አሠራር ቢተወው ይሻለዋል፤ በሙቀጫ የተወቀጠው ብዙ ልፋት በልቶ ሻካራ ይሆናል።

የኮኮናት ክሬምና ቸኮሌት። የታሸገ ሙሉ ስብ ያለው የኮኮናት ወተት ማቀዝቀዣ ውስጥ ሲያድር ወፍራሙ ከላይ ይረጋል፤ እርሱን በክሬም ፋንታ መጠቀም ነው። የኮኮናቱን ጣዕም ከውጭ ብቻ ሳይሆን ከውስጥም ያመጣል፤ ለዚህ ጥምረት ከጣዕም አንጻር የእኔ ተመራጭ ይህ ነው። ሆኖም ከላይ የተነሳው የስብ ነገር እዚህ ዋጋ ያስከፍላል። ሊጡ ቶሎ ስለሚለሰልስ ለ100 ግራም የኮኮናት ክሬም 250 ግራም ጥቁር ቸኮሌት ያስፈልጋል፤ የሚቀርበውም ከማቀዝቀዣ እንደወጣ ነው። ወተት ለማይስማማው ሰው የሚሠራ ከሆነ የቸኮሌቱን መለያ ጽሑፍ ማንበብ ይገባል፤ ጥቁር ቸኮሌት ሁሉ ከወተት ነጻ አይደለም።

## ካራሜሉ ከየት ይምጣ?

ስኳር አቅልጦ የሚሠራው ካራሜል ከሁሉ የተሻለ ጣዕም አለው፤ መራራነቱን እንደ ፍላጎት መወሰን ስለሚቻል። ስኳሩ 160 ዲግሪ አካባቢ ቀለም መያዝ ይጀምርና 170 ገደማ ሲደርስ የማር ቀለም ይይዛል፤ ከዚያ በኋላ ወደ ማረር የሚወስደው ጊዜ በጣም አጭር ነው። ክሬሙ ቀዝቃዛ ሆኖ ከገባ እንፋሎቱ በኃይል ይረጫል፤ ስለዚህ ክሬሙን ማሞቅ፣ ጥልቅ ድስት መጠቀም፣ ፊትንም ከድስቱ ማራቅ ያስፈልጋል። ልጆች ወጥ ቤት ካሉ ይህ የእነርሱ ሥራ አይደለም። ለ200 ግራም ስኳር 80 ግራም ቅቤና 120 ግራም ክሬም ከሊጥ ጋር የሚቀላቀል ለስላሳ ካራሜል ይሰጣል። በትረፍሉ መሃል ብቻውን እንዲቀመጥ ከተፈለገ ክሬሙ ከገባ በኋላ እንደገና እስከ 115 ዲግሪ ድረስ መብሰል አለበት፤ ለዚህ ቴርሞሜትር ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ኮንደንስድ ሚልክን በቀስታ አብስሎ ማጥቆር ነው። የታሸገውን ቆርቆሮ እንዳለ ውሃ ውስጥ መቀቀል የሚመክሩ መመሪያዎች ብዙ ናቸው፤ እኔ አልመክርም። ውሃው ሳይታወቅ ካነሰ ቆርቆሮው ሊፈነዳና የፈላ ስኳር ሊረጭ ይችላል። ወተቱን ሙቀት በሚችል ሳህን ገልብጦ፣ ሸፍኖ፣ በሚንተከተክ ውሃ ላይ አስቀምጦ አልፎ አልፎ እያማሰሉ 2 ሰዓት ያህል ማብሰል ያንኑ ውጤት ይሰጣል። እንዲሁ በድስት ውስጥ በዝቅተኛ እሳት ማማሰልም ይቻላል፤ ሲሠሩ ግን ዞር ማለት የለም።

ሦስተኛው ለስላሳ የካራሜል ከረሜላ ገዝቶ ለ150 ግራሙ ሁለት ማንኪያ ክሬም ጨምሮ ማቅለጥ ነው። ጣዕሙ አንድ ወጥና ትንሽ የደበዘዘ ቢሆንም አይከሽፍም። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሠራ ሰው በዚህ ቢጀምር የሚያፍርበት ነገር የለም።

ካራሜሉን መሃል ላይ መደበቅ ወይስ ከሊጡ ጋር ማዋሃድ? መደበቅ ለዓይን ያምራል፤ ግን በትንሽ ማንኪያ እየቆነጠሩ በረዶ ቤት ማስገባት፣ ከደነደነ በኋላ በፍጥነት በሊጥ መጠቅለል ይጠይቃል፤ ስንጥቅ ካለ በማግስቱ ይፈሳል። ማዋሃድ ይቀላል፣ ጣዕሙንም በእኩል ያዳርሳል። ከላይ ማፍሰስ ግን ከሁለቱም ያነሰ ሐሳብ ነው፤ ካራሜል ከአየር እርጥበት ስለሚስብ በሰዓታት ውስጥ ይጣበቃል።

## ኮኮናቱና ሽፋኑ

በደቃቁ የተፈጨ ደረቅ ኮኮናት፣ ስኳር ያልተጨመረበት፣ ለውስጥም ለውጭም ይሆናል። በሰፊው የተላጠው ለውጭ ያምራል እንጂ በደንብ አይጣበቅም። ትኩስ የተፈቀፈቀ ኮኮናት ሽታው ከሁሉም ይበልጣል፤ ውሃው ግን ትረፍሉን በሁለት ቀን ያበላሸዋል፤ የሚጠቀሙበት ከሆነ መጥበሻ ላይ ማድረቅና ቶሎ መብላት ነው። ደረቁንም ቢሆን በደረቅ መጥበሻ፣ በዝቅተኛ እሳት ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ማመስ ጣዕሙን እጥፍ ያደርገዋል። ወጪ የሌለበት፣ ብዙ ሰው ግን የሚዘለው ሥራ ይህ ነው።

ኮኮናት ከሊጡ ሲገባ ውሃ ይጠጣል። ሊጡ ቀጠነ ብለው ወዲያው ሌላ ከመጨመርዎ በፊት 30 ደቂቃ ይጠብቁ፤ ያለዚያ በማግስቱ የሚያገኙት ደረቅና ፍርፍር የሚል ነገር ነው።

በኮኮናት ብቻ አንከባልሎ መጨረስ ለአብዛኛው ሰው ይበቃል። በቸኮሌት መንከር ከተፈለገ ሦስት መንገድ አለ። እውነተኛ ቸኮሌትን በተመጠነ ሙቀት ማዘጋጀት አንዱ ነው፦ ከጥቁሩ ሁለት ሦስተኛውን እስከ 45 ዲግሪ አቅልጦ የቀረውን ከትፎ እየጨመሩ ወደ 31 ወይም 32 ዲግሪ ማውረድ። የሚያብረቀርቅና ሲነከስ ቀጭ የሚል ሽፋን የሚገኘው በዚህ ብቻ ነው። ሁለተኛው በዘይት የተሠራ የሽፋን ቸኮሌት ነው፤ ያለ ድካም ይረጋል፣ ርካሽ ነው፤ ስቡ ግን ከካካዎ ቅቤ ጋር ስለማይስማማ በጋናሽ ላይ ሲቆይ ነጣ ያለ ሽፋን ሊያወጣ ይችላል። ለብስኩቱና ለቴምሩ ግን ምንም አይልም። ሦስተኛው ቸኮሌት ላይ ትንሽ የኮኮናት ዘይት መጨመር ነው፤ ቀጭንና ጣፋጭ ሽፋን ይሰጣል፤ ከማቀዝቀዣ ውጭ ግን ቶሎ ይለሰልሳል።

ቸኮሌት ሲቀልጥ የውሃ ጠብታ ከነካው እንደ እርጥብ አሸዋ ይሰባሰባል። ለሽፋን ከእንግዲህ አይሆንም፤ ሙቅ ክሬም ጨምሮ ወደ ጋናሽ መለወጥ ግን ይቻላል። ከማቀዝቀዣ እንደወጣ የተነከረ ትረፍልም ውስጡ ሲሞቅ ስለሚሰፋ ሽፋኑን ይሰነጥቀዋል፤ 15 ደቂቃ ውጭ ያቆዩት። ኮኮናቱን የሚነሰንሱት ሽፋኑ ሳይረጋ፣ አንድ በአንድ እየነከሩ ነው።

## በአጭሩ

| ማያያዣ | ጣፋጭነት | ሙቀት መቻል | በማቀዝቀዣ የሚቆየው | ድካም | ወጪ |
|---|---|---|---|---|---|
| ክሬምና ቸኮሌት | መካከለኛ | ደካማ | 1 ሳምንት ገደማ | መካከለኛ | ከፍተኛ |
| ኮንደንስድ ሚልክና ካካዎ | በጣም ከፍተኛ | መካከለኛ | ከ1 ሳምንት በላይ | መካከለኛ | ዝቅተኛ |
| ብስኩትና ኮንደንስድ ሚልክ | ከፍተኛ | ጥሩ | ከ1 ሳምንት በላይ | ዝቅተኛ | ዝቅተኛ |
| ቴምርና ለውዝ | መካከለኛ | ጥሩ | እስከ 2 ሳምንት | ዝቅተኛ፣ መፍጫ ካለ | እንደ ለውዙ ዓይነት |
| የኮኮናት ክሬምና ቸኮሌት | ዝቅተኛ | በጣም ደካማ | 5 ቀን ገደማ | መካከለኛ | ከፍተኛ |

የቆይታ ጊዜው ክዳኑ በጥብቅ ለተዘጋ ዕቃና በደረቅ ኮኮናት ለተጠቀለለ ትረፍል ነው። ትኩስ ኮኮናት ከገባበት ሰንጠረዡ አይሠራም።

## እንደ ፍላጎትና እንደ ኪስ

ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሠራና በጀቱ የጠበበ ሰው ብስኩቱን ይያዝ፤ ከኮንደንስድ ሚልኩ ግማሹን አብስሎ ካጠቆረው ካራሜሉም በዚያው ይገኛል። ገንዘብ ካነሰ ለቸኮሌት ከሚወጣው ይልቅ ለጥሩ ካካዎ ዱቄት ማውጣት ይጠቅማል፤ ጥቂት ግራም ሩቅ ይወስዳል።

ጋናሹን የምመክረው ለእራት እንግዳ፣ በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ ለሚበላ ነገር ነው። መንገድ ለሚሄድ ስጦታ አይሆንም፤ ለስጦታ ብሪጋዴይሮው ወይም ቴምሩ ይላካል። የግድ ጋናሽ ከሆነም በተመጠነ ሙቀት በተዘጋጀ እውነተኛ ቸኮሌት ይሸፈን፤ ሽፋኑ እርጥበቱን በተወሰነ ደረጃ ይጠብቃል፣ ቅርጹንም ይይዛል።

ወተት የማይስማማው ሰው ካለ ምርጫው ቴምሩና የኮኮናት ክሬሙ ናቸው። ሁለቱን ለመለየት አንድ ጥያቄ ይበቃል፦ ለውዝ ይስማማዋል? የማይስማማው ከሆነ ቴምሩን በለውዝ ፋንታ በሱፍ ፍሬ መሥራት ይቻላል፤ መፍጫው ግን በደንብ ታጥቦ መሆን አለበት።

ብዛት ያለው ትረፍል ለድግስ የሚያዘጋጅ ሰው ቀድሞ ሠርቶ በረዶ ቤት ቢያስቀምጠው ይቀለዋል፤ ሁሉም እስከ 2 ወር ድረስ ጣዕማቸውን ይዘው ይቆያሉ። ሲያወጡ ከነዕቃው ወደ ማቀዝቀዣው ክፍል አውርደው ያሳድሯቸው፤ ከዚያ ክዳኑን ሳይከፍቱ የክፍሉን ሙቀት እስኪያገኙ ይጠብቁ። ቶሎ ከተከፈተ የአየሩ እርጥበት ቀዝቃዛው ትረፍል ላይ ጠብታ ሆኖ ያርፋል፤ ኮኮናቱ ይረጥባል፣ የተሸፈነውም ላይ ስኳሩ ሟሙቶ ሲደርቅ ነጭ ነጠብጣብ ያወጣል።